ተሸናፊው ይደውላል

ሐሴት ስልኩን ያነሳችው ዙሪክ፣ አልትሽቴተን ሰፈር ውስጥ በምትሠራበት የዕቃ ማከፋፈያ ድርጅት ደጃፍ፣ የጭነት መኪኖች እየጮኹ ወደ ኋላ በሚጠጉበት ቦታ ቆማ ነው። ዕለቱ ዓርብ ነበር። እናቷ በሥራ ሰዓት ደውላላት አታውቅም፤ ስለዚህ ገና «ሄሎ» ሳትል ሰው እንደሞተ ገብቷታል። የቀራት ማን እንደሆነ ማወቅ ብቻ ነበር።

«አባትሽ ደህና ነው» አለች ታደለች ቀድማ። «አጎትሽ ነው፤ አዲሱ። ዛሬ ጠዋት አረፈ።»

«ምን ሆኖ?»

«ኩላሊት ነው አሉ። ሁለት ዓመት ሙሉ ሲያሳጥብ ነበር አሉ። እኛ ምኑን አውቀን!»

«አባስ? ምን አለ?»

«አልሰማም። እሑድ ጎሕ ሲቀድ እነአፀደ መጥተው ያረዱታል። አንቺ ነገ ነይና ኳሱን አብረሽው እዪ። ፊትሽን ብቻ ጠብቂ።»

«የምን ኳስ?»

«ማድሪድ ነገ ማታ ለዋንጫ አይደል እንዴ የሚጫወተው? ሳምንቱን ሙሉ ሌላ ወሬ የለውም።»

ሐሴት ወግ የሚባል ነገር ሲነሣ ትዕግሥቷ ቶሎ ያልቃል። «እማ፣ ቀብሩ መቼ ነው?» አለች።

«ነገ።»

«እና ወንድሙ ሲቀበር እሱ ቁጭ ብሎ ማድሪድን ይጠብቅ? አሁኑኑ ንገሩት!»

«ብነግረው በምን ሊሄድ ነው?»

ይህስ እውነት ነበር። አባቷ ንዋይ የዘጠና ሰባቱ ምርጫ ድምፅ ሲቆጠር ታዛቢ የነበረ መምህር ነው። ከምርጫው በኋላ የሰፈሩ ሰዎች አንድ በአንድ ሲለቀሙ እግሬ አውጪኝ ብሎ ጄኔቫ ገባ። የያዘው የስደተኛ ፓስፖርት የትም ያስገባዋል፤ አንድ አገር ብቻ አያስገባውም።

«ባይሄድም ማወቅ መብቱ ነው» አለች ሐሴት።

«መብት!» አለች እናቷ። «ስሚኝ። እናቱ ስትሞት እንዴት እንደሰማ ረስተሻል?»

አልረሳችም። ያኔ ንዋይ ገና የስደተኞች መቀበያ ውስጥ ነበር። ስሙን እንኳ በቅጡ የማያውቅ ሰው ኮሪደር ላይ ሲያልፍ፣ «እናትህ አረፉ አሉ፣ ነፍስ ይማር» ብሎት ወደ ምግብ ሰልፉ ሄደ። ንዋይ የራት ሳሕኑን እንደያዘ እዚያው ቆሞ ቀረ። የሚደግፈው ሰው፣ ቁጭ በል የሚለው ሰው አልነበረም። ስለዚያ ቀን ሲያወራ እናቱን አያነሣም፤ የሚያነሣው ኮሪደሩን ነው።

«አሁን ደግሞ ልቡ ውስጥ ሽቦ አለበት» አለች ታደለች። «ሁለተኛ ለብቻው አይሰማም። ተኝቶ ያድራል፣ ሰው ይከበዋል፣ በወጉ ይነገረዋል። እስከዚያ ኳሱን ይይ። ይጨፍር፤ ምን አለበት? ከዚያ በኋላ መቼ ሊጨፍር ነው?»

ሐሴት እሺ አለች። በኋላ ለምን እሺ እንዳለች ስታስብ በቂ ምክንያት አላገኘችም። መኪናው ስለሚጮኽ ይሆናል።

ቅዳሜ ጠዋት ከዙሪክ በባቡር ተነሣች። ሐሳቧ ሁሉ አባቷ ፊት እንዴት እንደምትቀመጥ ነበር፤ ምክንያቱም ንዋይ ለሰዎች ሲያስተዋውቃት «ልጄ» አይልም፣ «ምላሴ» ነው የሚላት። ከእናቷ ጋር ጄኔቫ ስትመጣ አሥራ ሦስት ዓመቷ ነበር። በጥቂት ወራት ፈረንሳይኛውን ቀድማው አወቀች። ከዚያ ወዲህ በየቢሮው፣ በየሐኪሙ ይዟት ይሄዳል። ሐኪሙ ተናግሮ ሲጨርስ ንዋይ ወደ እሷ ዞር ብሎ «ሳትጨምሪ ሳትቀንሺ» ይላታል። እሷም ሳትጨምር ሳትቀንስ ትነግረዋለች። የልብ ሐኪሙ የደም ሥሩ መዘጋቱን ያስረዳ ዕለት ታደለች ከኋላ ሆና «አለስልሺው» እያለች በጥቅሻ ገደለቻት። ሐሴት አላለሰለሰችም። ሲወጡ ንዋይ ደረጃው ላይ ቆም ብሎ፣ «በዚህ ቤት የማይዋሸኝ አንድ ሰው አለ» አለ። ዙሪክ ሥራ ከያዘች በኋላም ለሐኪም ቀጠሮ ፈቃድ እየወሰደች የምትመላለሰው ለዚህ ነው። ሌላ ሰው አልፈልግም ይላል።

ባቡሩ ፍሪቡርግን ሲያልፍ ሌላ ነገር ትዝ አላትና ቀጥ ብላ ተቀመጠች። ስልኩ!

ወንድማማቾቹ ከተለያዩ ወዲህ ሲያወሩ የኖሩት ስለ ስፔን ኳስ ብቻ ነው። ንዋይ የማድሪድ ነው፤ አዲሱ የባርሳ። መጀመሪያ የተደዋወሉት ባርሳ አርሴናልን ፓሪስ ላይ አሸንፎ የአውሮፓን ዋንጫ የወሰደ ጊዜ ነው። ንዋይ ከመቀበያው በካርድ ደወለና ማን እንደታሰረ፣ ማን እንደተፈታ መጠየቅ ጀመረ። አዲሱ የመንግሥት ሠራተኛ ነበር። ስልክ እንደሚጠለፍ ያውቃል። «እኔ ከኳስ ሌላ የማውቀው ነገር የለም» ብሎ አቋረጠው። «ዋንጫውን በልተናል። ተቃጠል!» ንዋይ ገባው። ከዚያች ቀን ጀምሮ ሕግ ሆነ፤ ከሁለቱ ክለቦች አንዱ ዋንጫ ሲበላ ተሸናፊው ይደውላል፣ ደውሎም ስድቡን ይጠጣል። ዋንጫው ለሌላ ከሄደ አይደዋወሉም።

ባርሳ ባሸነፈባቸው ዓመታት ንዋይ ደወለ። ከዚያ ማድሪድ አሥረኛውን ሲያነሣ ተራው የአዲሱ ሆነ፤ አሥራ አንደኛውንና አሥራ ሁለተኛውን ሲያከታትልም እሱው ደወለ። የፈሩት ጆሮ አሁንም ይስማ አይስማ እንጃ፤ እነሱ ግን ሌላ ነገር ማውራት ጠፍቶባቸው ነበር። አዲሱ ልጁን ሲድር የሰሙት ከሌላ ሰው ነው። ባለፈው ዓመት ድምፁ ሰልሎ ንዋይ «ምነው?» ሲለው፣ «ለዳኛ ስጮኽ ነው፤ የእናንተን ዳኛ ማለቴ ነው» ብሎት ሁለቱም ሳቁ። ያኔ ኩላሊቱን እያሳጠበ ነበር። መጨረሻ ያወሩት ከአራት ሳምንት በፊት፣ ባርሳ ሊጉን ሲወስድ ነው። «ሊግ የላብ ነው፤ የእናንተ ሻምፒዮንስ ሊግ ሎተሪ ነው» ያለውን ንዋይ ለሰው ሁሉ እያወራ ሲስቅ ከረመ።

ዛሬ ማድሪድ ሊቨርፑልን ካሸነፈ አዲሱ መደወል አለበት። ሐሴት ከባቡሩ ሆና ለእናቷ ደወለች።

«እማ፣ ማድሪድ ካሸነፈ ጋሼ አዲሱ አይደውልም። ይህን አስባችሁበታል?»

እነታደለች የጸሎቱን ወጪ፣ የንዋይን መድኃኒት፣ ማን ጥቁር ልብስ እንደሚይዝ፣ ማን ትከሻውን እንደሚይዘው ሁሉ አስበዋል። ይህን ግን ያሰበ የለም።

«ምናልባት ይሸነፉ ይሆናል» አለች ታደለች።

ወላጆቿ የሚኖሩበት የጄኔቫ ሰፈር፣ ለ ሊኞን፣ ስትደርስ ንዋይ አሥራ አንደኛ ፎቅ ላይ በሩን ከፍቶ ሊፍቱ ጋ ቆሞ ጠበቃት። ነጩን ማልያ ከሸሚዙ በላይ አጥልቋል።

«መጣሽ ምላሴ! ዛሬ ነው ቀኑ!»

አቀፈችው። ማልያው አዲስ አዲስ ይሸታል። ፊቷን ትከሻው ላይ ትንሽ አቆየችው፤ ሌላ የምታስቀምጥበት ቦታ አልነበራትም።

«ምነው ከሳሽ? ዙሪክ እህል የለም እንዴ? ጀርመኖቹ ድንች ብቻ ነው የሚያበሉሽ?»

ምሳ ከተበላ በኋላ የክለቡን ስካርፍ ይዞ በረንዳ ወጣ። ታች ሮን ወንዝ ጎርፍ መስሎ ይሄዳል። ስካርፉን በሁለት እጁ ወጥሮ ደረቱን ነፋ።

«አንሺኝ። ለአዲሱ ላኪው፤ ከአሁኑ ይቃጠል።»

ሐሴት ወደ ኩሽናው አየች። ታደለች ቢላዋና ሽንኩርት እንደያዘች ቆማ ታያታለች። አዲስ አበባ ላይ ይህ ሰዓት የቀብሩ ሰዓት ነበር። ሐሴት ይህን ታውቃለች፤ ታደለችም ታውቃለች። አባቷ ብቻ ነበር ፈገግ ብሎ ካሜራውን የሚያየው።

አነሣችው። በራሱ ስልክ፣ በቫይበር ላከችው። ትንሽ ቆይቶ ፎቶው መታየቱን የሚያሳየው ምልክት መጣ። የአዲሱ ስልክ ያለው ልጁ ኤልዳድ እጅ ላይ ነው፤ ኤልዳድ ደግሞ መቃብሩ አፋፍ ላይ።

«አየው!» አለ ንዋይ ጣቱን ስክሪኑ ላይ ደቅኖ። «አየና ዝም አለ! ሆዱ እርር ብሏል!»

ሐሴት መታጠቢያ ቤት ገብታ ውኃውን ከፈተች። አላለቀሰችም። ቁጭ ብላ ውኃው ሲፈስ ሰማች፤ ከዚያ ዘግታው ወጣች።

ወደ ማታ ጋሽ እንግዳ መጣ። እንግዳ የትራም ማደሪያ ውስጥ ሌሊት ሌሊት የሚያጸዳ፣ ነፍሱን ለባርሳ የሰጠ ሰው ነው፤ ማድሪድ ሲጫወት የሚመጣው ሊሳደብ ብቻ ነው። ምስጢሩን ስለሚያውቅ ግን ዛሬ ሌላ ሰው ሆኖ ገባ።

«እንዴት ዋልክ ንዋይ? ለጥሩ ያድርግላችሁ» አለ፣ ሁለቱን እጁን ዘርግቶ።

ንዋይ እጁን እንደያዘ ቀረ። «ምን አልክ?»

«ማለቴ… ጥሩ ቡድን ነው።»

«ማን? ማድሪድ?»

ታደለች «እንግዳ፣ እስቲ ይህን ትሪ ያዝልኝ» ብላ ኩሽና ጎተተችውና በሹክሹክታ ተቆጣችው። «ምን ነካህ? ስደበው እንጂ! የለቅሶ ቤት ነው ያስመሰልከው!»

«አፌ እምቢ አለኝ እኮ ታዱ። እንዴት አድርጌ ልስደበው?»

«እንደ ሁልጊዜው! ሌባ በላቸው!»

እንግዳ ትሪውን ይዞ ተመለሰና ድምፁን ጠርጎ፣ «ሌቦች ናችሁ» አለ። ንዋይ ተንፈስ አለ። «አዎ፣ እንደሱ በል፤ ያመመህ መስሎኝ ነበር።»

ጨዋታው ተጀመረ። ሐሴት ከአባቷ አጠገብ ተቀምጣ በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ ለሊቨርፑል ጸለየች። ሊቨርፑል ካሸነፈ ዋንጫው ከስፔን ይወጣል፣ ሕጉም ዝም ይላል፤ አባቷ ተናድዶ ይተኛል፣ ጠዋት ይነገረዋል። እናቷ ለካ ልክ ናት፤ መሸነፍ የሚያድነው ሰው አለ።

እስከ እረፍት ጎል የለም። ከእረፍት መልስ የሊቨርፑል በረኛ ኳሷን በእጁ ሲወረውር የማድሪዱ አጥቂ እግሩን ሰደደና አንድ ለዜሮ ሆነ። ንዋይ የመድኃኒት ዕቃውን ደፋው። ወዲያው ሊቨርፑል አገባና አቻ ሆኑ። ከዚያ ተቀይሮ የገባው የማድሪድ ተጫዋች፣ ጀርባውን ለጎሉ እንደሰጠ አየር ላይ ተገልብጦ በመቀስ ምት ኳሷን መረቡ ውስጥ ከተታት።

እንዲህ ያለ ጎል አይታ አታውቅም። ማን እንደሞተ፣ ማን እንዳልሰማ ሁሉ ለአንድ አፍታ ከአእምሮዋ ጠፋና ከአባቷ ጋር ዘላ ተነሣች። «ጎል!» ብላ ጮኸች። ንዋይ አንገቷን አንቆ ግንባሯን ሳማት። እንግዳ ሶፋው ላይ ፊቱን በእጁ ሸፍኖ ነበር፤ ከባርሳ ደጋፊ የሚጠበቅ ስለሆነ ማንም ልብ አላለውም። ሦስተኛው ጎል ሲገባ ሐሴት ከተቀመጠችበት አልተነሣችም።

አለቀ። አሥራ ሦስተኛ ዋንጫ። እንግዳ «ነገ እንገናኝ» ብሎ ምላሱን ነከሰና፣ «ማለቴ ሰሞኑን» ብሎ ወጣ። ንዋይ የቴሌቪዥኑን ድምፅ አጠፋ፤ ስልኩን ጠረጴዛው ላይ በፊቱ አስቀመጠና እጁን አጣጥፎ ጠበቀ።

«አሁን ስድብ ይፈልጋል» አለ እየሳቀ። «ለሎተሪዋ የማዘጋጅለትን መልስ ሳምንቱን ሙሉ ሳስብ ነው የሰነበትኩት።»

ስልኩ አልጮኸም። አንሥቶ አየው፤ መልሶ አስቀመጠው።

«ኔትወርኩ ይሆናል» አለች ታደለች ከኩሽና።

«ለፎቶው ሠርቶ የለ?»

ሐሴት ተነሥታ እናቷ ጋ ስትገባ ታደለች ስልኳን ጆሮዋ ላይ አድርጋ ወደ ቧንቧው ዞራ ታንሾካሹክ ነበር። «… ከእሱ ስልክ ላክለት ኤልዳድዬ። እንኳን ደስ አለህ በለው፣ ሌላ አይደለም። ይተኛልኛል። አውቃለሁ የኔ ልጅ፣ አውቃለሁ…»

«እማ፣ ነውር ነው ይሄ» አለች ሐሴት። «አባቱን ዛሬ ነው የቀበረው እኮ!»

«ነውሩ ሌሊቱን ስልክ ሲያይ ማደሩ ነው። ጥቂት ሰዓት ነው የቀረው። አንቺ ብቻ አፍሽን ያዥልኝ።» ዓይኗ ደም መስሏል፤ እሷም ከዓርብ ጀምሮ ያላለቀሰችውን ተሸክማ ነው የምትንቀሳቀሰው።

ሳሎን ስልኩ ጢን አለ።

ንዋይ መነጽሩን አደረገና አነበበ። እንደገና አነበበ። ሐሴት ከበሩ ላይ ሆና ሳቁ ከፊቱ እየለቀቀ ሲሄድ አየች። አቀበላት። «እንኳን ደስ አለህ ወንድሜ። ይገባችኋል» ይላል።

«አዲሱ ጽፎልኝ አያውቅም» አለ ቀስ ብሎ። «የማድሪድን ሰው ይገባችኋል ብሎም አያውቅም። ቢሞት አይልም።»

የተናገረውን ራሱ ሰማው። ታደለች ከኩሽና አልወጣችም፤ ውኃው ይፈሳል፤ ሳሕን ታጥባለች። ንዋይ ወደ ሐሴት ዞረ፤ ልክ ሐኪም ቤት እንደሚዞረው፣ ትከሻውን ትንሽ ሰብሮ።

«ሳትጨምሪ ሳትቀንሺ።»

«ሞቷል» አለች ሐሴት። «ትናንት ጠዋት። ኩላሊት ነው። ሁለት ዓመት ያሳጥብ ነበር። ዛሬ ተቀበረ።»

«ስንት ሰዓት?»

«ከምሳ በኋላ።»

«ፎቶውን ስትልኪ?»

«አዎ።»

ስክሪኑ ላይ ተጫዋቾቹ ዋንጫውን እየተቀባበሉ ያነሣሉ፤ ብልጭልጭ ወረቀት ይዘንባል፤ ድምፅ የለውም። ንዋይ እሱን እያየ ቆየ።

«መቼ ሰማሽ?»

«ትናንት።»

«ትናንት» አለ። «ያን ጎል ሲያገባ አብረሽኝ ጮኸሽ።»

«አባ…»

«እናትሽ እሺ። የእሷ ይገባኛል፤ ስለ እኔ ብላ ነው።» ማልያውን በጭንቅላቱ በኩል ማውለቅ ጀመረ፤ እጅጌው ያዘው፤ ልታግዘው እጇን ስትዘረጋ ዞር አለባት። «እንደነገርሽኝ አትንገሪያት። ስትጨነቅበት የሰነበተችውን አታበላሺባት። ጠዋት ይምጡ።»

ገብቶ ተኛ። ወይም ጋደም አለ፤ ሐሴት አላጣራችም።

መርዶ ነጋሪዎቹ እሑድ በመጀመሪያው አውቶቡስ መጡ። ከፊት አፀደ ናት፤ ግራንድ ሳኮኔ ውስጥ የአንድ አምባሳደር ቤት ሠራተኛ ስለሆነች ለቁርስ መመለስ አለባት፣ ለዚህም ነው ሁሉም ነገር በእሷ ሰዓት የተቀጠረው። ነጠላቸውን አዘቅዝቀው፣ ጫማቸውን በር ላይ አውልቀው፣ ሳይናገሩ ወደ መኝታ ቤቱ ገቡ። እንግዳ ከሁሉም ኋላ ነበር። ንዋይ ፒጃማውን ለብሶ ዓይኑን ጨፍኗል። ታደለች ትከሻውን ነካችው።

«ንዋይ፣ በርታ» አለች አፀደ። «ወንድምህ አዲሱ አርፏል።»

ዓይኑን ሲገልጥ መጀመሪያ ያየው እሷን አልነበረም። በሰዎቹ ትከሻ መካከል ሐሴትን ፈልጎ አገኛትና አየት አደረጋት። ከዚያ ፊቱን ሸፍኖ አለቀሰ። ሐሴት የማስመሰል ልቅሶ ነበር የጠበቀችው፤ የእውነት አለቀሰ። ያዙት፣ ደገፉት፣ ውኃ አጠጡት። እንግዳ ግድግዳውን ይዞ «ማን ይሰድበናል ከእንግዲህ!» እያለ ከሁሉም በላይ ጮኸ። ታደለች የባሏን ራስ ደረቷ ላይ አስጠግታ እሷም ለቀቀችው።

አፀደ ወደ ሥራዋ ልትሄድ ጫማዋን ስታደርግ የሐሴትን ጉንጭ ዳበሰች። «በወጉ ሆነለት። አየሽ፣ ሰው እንዲህ ነው መርዶ መስማት ያለበት።»

«አዎ እትዬ አፀደ» አለች ሐሴት።

የዚያን ዓመት መስከረም ላይ ሐሴት ለእናቷ ደወለች። አለቃዋን ለሐሙስ ፈቃድ ጠይቃ፣ የባቡር ትኬቱንም ገዝታ ነበር።

«የልብ ሐኪሙ ቀጠሮ ሐሙስ ጠዋት ነው አይደል? ረቡዕ ማታ እመጣለሁ።»

«ሄዶ መጣ እኮ» አለች ታደለች። «ቀኑን አስለወጠው።»

«ከማን ጋር ሄደ?»

«ሆስፒታሉ አስተርጓሚ መደበለት። አስመራ የተወለደች ልጅ ናት፤ አማርኛዋ ስብርብር ያለ ነው አለኝ።»

«ታዲያ ሐኪሙ ያለው ገብቶታል?»

«ግማሹ አልገባኝም አለ።» ታደለች በዚያ ማታ ሳሎን ውስጥ የተባለውን እስከ ዛሬ አታውቅም። «ለሚቀጥለውም እሷው ትሁንልኝ ብሎ አስመዝግቧል። እኔ እንጃ፣ አንቺን እንዳያስቸግር ብሎ ይሆናል።»

«ይሆናል» አለች ሐሴት።

ስልኩን ዘጋችና፣ ሐሙስ ሥራ እንደምትገባ ለአለቃዋ ጻፈች።